መልስ፦ ቴስቶስትሮን ከጀመርኩ ወዲህ ቲ4 ወረደ፣ የታይሮይድ ክኒኑን ልጨምር?

ኧረ ተው ወንድሜ፣ በራስህ እንዳትጨምር! ቶታል ቲ4 (አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን ጠቅላላ መጠን) ወረደ፣ ቲኤስኤች (ታይሮይዱን እንዲሠራ የሚያዘው ሆርሞን) ግን ደህና ነው ብለሃል። ይሄ የሚጠበቅ ነው። ቲ4 ደም ውስጥ የሚዞረው በአብዛኛው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው፣ ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞኑ) ደግሞ ዋናውን ተሸካሚ ፕሮቲን ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ ጠቅላላው ቁጥር ቢወርድም ሰውነትህ የሚጠቀምበት ነፃው ቲ4 እንዳለ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ክኒኑን) የሚወስድ ሰው ቴስቶስትሮን ሲጀምር መጠኑ የሚቀነስለት ጊዜ አለ። ዝም ብለህ ከጨመርክ ልብህ በፍጥነት ይመታል፣ እንቅልፍም ታጣለህ። ፍሪ ቲ4 (ነፃው ቲ4) እና ቲኤስኤች አንድ ላይ ይታዘዝልህ። መጠኑ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተህ ድገመው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ የቴስቶስትሮን መርፌው የታዘዘልህ ታይሮይድህ ሳይስተካከል ነው እንዴ? ታይሮይድ ሲደክም ቴስቶስትሮንም አብሮ ሊወርድ ይችላል፣ ድካሙም፣ ውፍረቱም፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነሱም ከሁለቱም ሊመጣ ስለሚችል ምልክት ብቻ አይቶ መለየት ከባድ ነው። መጀመሪያ ታይሮይዱ ይስተካከላል፣ ከዚያ ቴስቶስትሮን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይለካል። አንዳንዱ ያኔ መርፌም አያስፈልገው።

ልጅ የምታስብ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገረው፣ መርፌው የዘር ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የዘር ቁጥር በጣም ያወርዳል። ሄማቶክሪትም (በደም ውስጥ ያለው የቀይ የደም ሴል ድርሻ) ይታይልህ፣ ከ54 በመቶ ካለፈ መርፌው መቆም አለበት።

የታይሮይድ ክኒኑን በውሃ ብቻ ዋጠው፣ ቡናውም ቁርሱም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ብረትና ካልሲየም ከወሰድክ 4 ሰዓት አራርቀው።