ፎቶ ለጀመራችሁ ልጆች፦ እስኪ መጀመሪያ የጄሶ ሃውልት አንሱ

ሰሞኑን ፎቶ የሚማሩ ልጆች "ጋሼ የቱን ካሜራ እንግዛ?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደሞ ካሜራውን ተዉትና ሃውልት አንሱ ስላቸው ሽማግሌው ዞረበት ብለው ይስቃሉ። ሳቁ፣ ግን ስሙኝ።

ወጣት እያለሁ አንድ መስሪያ ቤት ለካታሎግ ብሎ የጄሶ ጭንቅላት እንዳነሳለት ጠራኝ፣ እኔም ፍላሹን ፊት ለፊት ለቀቅኩበትና ፊልሙን አጥቤ በኩራት ይዤ ሄድኩ። አፍንጫ የለ፣ ጉንጭ የለ፣ ነጭ በነጭ! ሰውዬው ፎቶውን ገለበጥ አድርጎ "ይሄ ሰሃን ነው?" አለኝ፣ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለካ ይሄን ጣጣ እንግሊዞቹ ድሮ ጨርሰውታል። ታልቦት የሚባለው፣ የወረቀት ኔጋቲቭን (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚወጣበትን) የጀመረው ሰውዬ፣ በ1840ዎቹ በፈረንጆቹ ላኮክ አቢ በሚባለው ቤቱ ውስጥ የፓትሮክለስን፣ የግሪክ ተረት ጀግና ነው፣ የጄሶ ሃውልት ደጋግሞ ደጋግሞ አንስቷል። የዛን ጊዜ ወረቀት ቀርፋፋ ነው፣ ምስሉን እስኪይዝ ጊዜ ይፈጃል፣ ሰው ደሞ ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያርገበግባል፣ ጄሶ ግን ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን በደንብ ይመልሳል፣ ሻይ ልጠጣ ብሎም አይነሳም። ኬሚካሉም ቀይና ቢጫ በደንብ አያይም ነበር፣ ስለዚህ የሰው ፊት ይጠቁርበታል፣ ነጭ ላይ ግን ሰላም ነው።

ታልቦት የጻፈው ምክር ደሞ ዛሬም ይሰራል። ደመና ያለበት ቀን ምረጡ ይላል፣ ፀሐይ ከሆነም በሌላው ጎን ነጭ ጨርቅ ራቅ አድርጋችሁ ያዙና ብርሃኑ ወደ ጥላው ይመለስ። ሃውልቱን ትንሽ ዞር ስታደርጉት ደሞ ሌላ ፎቶ ነው። እኔ ይሄን ካነበብኩ በኋላ የእናቴን ነጠላ ወንበር ላይ ሰቅዬ ሞከርኩት፣ ከአፍንጫው ስር ያለችው ጥላ ለስለስ ብላ ከንፈሩ ብቅ ሲል በቃ ዝም ብዬ ቆምኩ። (እናቴ ነጠላዋን ስትፈልግ የሆነውን አልነግራችሁም።)

ከሁሉም የምወደው ግን ፍሬድሪክ ስኮት አርቸርን ነው። ሰውዬው ራሱ ቀራፂ ነው! ፎቶ የገባው ለሃውልት ስራው እንዲያግዘው ነበር፣ የወረቀቱ ኔጋቲቭ ብዥ ሲልበት ጊዜ ተናደደና መስታወት ላይ የሚቀባ ኮሎዲዮን የሚባል የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይዞ መጣ፣ በ1851 አሰራሩን አሳተመው፣ ፓተንት (ያለ እኔ ፈቃድ አትጠቀሙ የሚል የባለቤትነት መብት) ምናምን ሳይል። ታልቦት የራሱን በ1841 ፓተንት አስወጥቶበት ነበር እኮ። የአርቸርን ዘዴ ግን ስንቱ ፎቶ አንሺ እንጀራ በላበት፣ እሱ በ1857 ድህነት ውስጥ ሞተ። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

ሌላው እንግሊዛዊ ፎቶ አንሺ ሮጀር ፌንተንም ብሪቲሽ ሙዚየም ጣሪያ ላይ ስቱዲዮ ተሰርቶለት ሃውልት ሲያነሳ ነበር፣ ጣሪያ ላይ የወጣው ለብርሃን ብሎ ነው፣ አምፖል የት አለና።

እና ቤታችሁ ሃውልት ከሌለ እንቁላል ይበቃል። መስኮት ስር አስቀምጡት፣ የሞባይሉን ፍላሽ አጥፉ፣ ነጭ ወረቀት በጥላው በኩል አስጠጉና ራቅ፣ ቀረብ እያደረጋችሁ አስሬ አንሱት። ከዛ አምጥታችሁ አሳዩኝ፣ ፊልተር የነካው ግን አላይም።