ሸክላ ይዛችሁ ለምትገቡ

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄ ከሜሪላንድ ለጥምቀት መጣ። ለገጣፎ እኔ ቤት ሲደርስ አንዷን ሻንጣ ሁለት ሰው ተጋግዞ አወረዳት። ስንከፍታት የሙዚቃ ሸክላ ብቻ። ከነዚያ መሃል አራቱ አንድ አልበም ናቸው፤ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»። አራት ጊዜ!

ባለቤቱ «የእናቴን ጫማ አውጥቼ ነው ይኼን የተሸከምኩት» አለች። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

እኔ ልፈርድበት አልቻልኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ቨርጂኒያ ስኖር ይኸው በሽታ ነበረብኝ። አዲስ እትም ወጣ ከተባለ እሮጣለሁ። «ሪማስተርድ»፣ ማለትም ድምፁ እንደገና ተሰናድቷል የሚል ተለጣፊ ካየሁ ኪሴ ራሱ ይከፈታል። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጣፎ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ሸክላችሁን ጠቅልላችሁ ለመመለስ የምታስቡ ካላችሁ፣ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩትን በነፃ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

አልበሙ በ1973 ወጣ። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። የተቀዳው ለንደን፣ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ነው፤ የድምፅ መሐንዲሱ አለን ፓርሰንስ። አሜሪካ ውስጥ በቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ከ1973 እስከ 1988 ባለው ጊዜ 741 ሳምንት ተቀምጧል። ይህን ያህል የተሸጠ ነገር አንዴ ታትሞ አያበቃም። በየአገሩ፣ በየፋብሪካው፣ በየዘመኑ ሲታተም ኖሯል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ቴፕ አንድ ነው። ከቴፑ ላይ ወስዶ መርፌዋ የምትሄድበትን ቦይ የሚቀርጸው ሰው ግን በየእትሙ ይለያያል። ሽሮው አንድ ሆኖ ሠሪዋ እንደምትለየው ማለት ነው። አንዱ ባሱን ይጨምራል፣ ሌላው ጸናጽሉን ያደምቃል። አንዱ ከዋናው ቴፕ ይቀርጻል፣ ሌላው ከቅጂ ቅጂ። ከዚያ ማተሚያው ብረት አለ። ብረቱ ሲያረጅ ድምፁም አብሮት ያረጃል። ስለዚህ «የትኛው አገር እትም ነው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ቀረጸው?» በሉ።

መልሱ ብዙ ጊዜ ሸክላው ላይ አለ። ሙዚቃው አልቆ መሃል ካለው ወረቀት በፊት ባዶ ቀለበት ታያላችሁ። እሱን በባትሪ አብሩበትና አጋድማችሁ እዩት፤ የተጫሩ ፊደላትና ቁጥሮች አሉ። የእንግሊዙ የመጀመሪያ እትም ላይ «ኤ2» እና «ቢ2» የሚሉ ምልክቶች ይገኛሉ። መሃል ያለው ወረቀት ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘንም ውስጧ በሰማያዊ የተሞላ ነው። በኋላ የመጡት እትሞች ላይ ጠርዟ ብቻ ነው የቀረው። ይህችን ሰማያዊ ቀለም ብለው ብዙ መቶ ዶላር የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ክፈሉ አልላችሁም፣ አትክፈሉም አልላችሁም። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩ።

ወዳጄ ያመጣቸው እነዚህን ነበር። አንዱ የሰባዎቹ የእንግሊዝ እትም፣ ሰማያዊዋ የሌለችበት። ሁለተኛው ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 ያወጣው። ያኛው ቴፑንም መቅረጫውንም በግማሽ ፍጥነት እያስኬዱ የቀረጹት ነው፤ ከፍተኛ ድምፆች ጠርተው እንዲቀረጹ። ሦስተኛው በ2003 ለ30ኛ ዓመቱ የወጣው። አራተኛው የ2016ቱ፣ ስመ ጥሩው ቀራጭ በርኒ ግረንድማን የተሳተፈበት፣ ከሁሉም ርካሹ።

እሁድ ከሰዓት ቁጭ አልን። ደንብ አወጣሁ። ሽፋን ማየት የለም። ሸክላውን የሚቀያይረው የጎረቤቴ የእማማ የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሸክላ ነክቶ አያውቅም፣ ስለዚህ አድልዎ የለበትም። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን ወረቀት ላይ ነጥብ እንጽፋለን።

ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ድምፁን እኩል ማድረግ። አንዱ እትም ከሌላው ጮክ ብሎ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ጆሯችን ደግሞ ሞኝ ነው፤ በ1 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለውን «ይኼ ይሻላል» ይላል። ስልካችሁ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫኑ። ተመሳሳይ ቦታ አጫውቱና አምፕሊፋየሩን እያስተካከላችሁ ቁጥሩን እኩል አድርጉ። ይህን ሳያደርጉ «አወዳደርኩ» የሚሉ ሰዎች ያወዳደሩት ጩኸትን ነው። እኔም ለዓመታት ከነሱ አንዱ ነበርኩ።

ሦስተኛው ደንብ ከሸክላው የትኛውን ቦታ እንደምታዳምጡ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያውን ያዳምጣል። እዚያ ሁሉም ያምራል። ሸክላ በእኩል ዙር ነው የሚሽከረከረው፤ ጠርዙ ግን ሰፊ ነው፣ መሃሉ ጠባብ። መርፌዋ ጠርዝ ላይ በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሄዳለች። መሃል ስትደርስ 20 ገደማ ብቻ። ያ ሁሉ ድምፅ በአጭር መንገድ ላይ ሲታጨቅ መሻከር ይጀምራል። መጥፎ እትም የሚታወቀው የገጹ መጨረሻ ላይ ነው።

የዚህ አልበም የመጀመሪያ ገጽ መጨረሻ ላይ ደግሞ ክሌር ቶሪ አለች። ያለ አንድ ቃል፣ በድምጿ ብቻ ወደ ላይ የምትወጣ ሴት። እሁድ ቀን ጠርተዋት፣ ግጥም ሳይሰጧት፣ 30 ፓውንድ ከፍለው የሸኟት ናት። በ2004 ከሰሰች፤ በ2005 ተስማሙና ስሟ ከደራሲው ጎን ተጻፈ። እጅግ የዘገየ ፍትሕ ነው፣ ግን ይሁን። ያ ድምፅ ሳይሻክር ከወጣ እትሙ ጥሩ ነው። መርፌያችሁም ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ሸክላ ላይ እሷ ስትጮህ እማማ በር ላይ ብቅ አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ? ማን ሞቶባት ነው?»

«ማንም አልሞተባትም እማማ፣ ዘፈን ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አዳመጡ። «አይ፣ ይቺስ ሞቶባታል» ብለው ተቀመጡ። ቡናም ሳይጠጡ እስከ መጨረሻው ቆዩ። ነጥብ ቢሰጡ ከሁላችንም በላይ የሳቸውን አምን ነበር።

ውጤቱ? የ1979ኙ ሲጀምር ያስደንቃል። ጸናጽሉ ያበራል፣ አልበሙ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሲደውሉ ቤቱ ውስጥ የተሰቀሉ ይመስላል። አሥር ደቂቃ ሲቆይ ግን ጆሮ ይደክማል፤ ላይና ታቹ በዝቶ መሃሉ፣ ማለትም የሰው ድምፅ፣ ወደ ኋላ ይላል። እንግሊዙ ሞቅ ያለ፣ የሚያቅፍ ድምፅ አለው። ነገር ግን የቀድሞ ባለቤቱ አላዘነለትም፤ ጸጥ ያለው ቦታ ላይ ከጀርባ ቆሎ የሚቆሉ ይመስላል። አልበሙ በልብ ምት ጀምሮ በልብ ምት ነው የሚያልቀው። ቆሎና የልብ ምት አብረው አይሄዱም። የ2003ቱ ጸጥ ያለ፣ ባሱ የጠራ፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። የ2016ቱን ከሱ ለመለየት ሁለታችንም ተቸገርን።

ወዳጄ አንደኛ ብሎ የጻፈው የቱን መሰላችሁ? የ2016ቱን። የ1979ኙ መስሎት ነው እንጂ። ለዚያኛው የከፈለውን ገንዘብ አልነግራችሁም፤ ባለቤቱ ልታነብ ትችላለች።

ይህ በሱ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ2022 ያው ሞባይል ፊደሊቲ ከ2011 ጀምሮ በብዙ እትሞቹ ላይ በቴፑና በሸክላው መሃል ዲጂታል ቅጂ ይጠቀም እንደነበር ታወቀ። «ዲጂታል የነካውን ሸክላ በአንድ ሰከንድ እለያለሁ» የሚሉ ሰዎች ለዓመታት ሳያውቁ ሲያወድሱት ነው የኖሩት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ25 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ሸክላዎቹ ግን ያው ጥሩ ሸክላዎች ናቸው። ስለ «180 ግራም» ተለጣፊም አትጨነቁ። የሸክላው ክብደት ነው፤ ድምፅ አይደለም።

አሁን ወደ ጣፎ ልመለስ። እዚህ ስትመጡ ከእትሙ በላይ የሚያጠፋችሁ ነገር መብራት ነው። መሄዱን አይደለም የምለው፤ እሱን ትለምዱታላችሁ። ሲኖር ያለውን ነው።

እኔ ከቨርጂኒያ ያመጣሁት ማጫወቻ ባለ 120 ቮልት ነበር። ትራንስፎርመር ገዛሁ፣ ስታቢላይዘር ጨመርኩ፣ ሰካሁት። ተሽከረከረ። ዘፋኞቹ ግን ሁሉም እንቅልፍ የመጣባቸው ሆኑ። የሴቶቹ ድምፅ የወንድ ሆነ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ቀበቶውን ቀይረው አስከፈሉኝ፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ሸክላው ጠርዝ ላይ ወረቀት ለጥፌ በሰዓት ቆጠርኩ። በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ መሆን ሲገባው 28 እንኳ አይሞላም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50 ጊዜ። የብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ይህን አይነካም። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። «50/60 ኸርዝ» የሚል አስማሚ ያለው፣ ወይም ፍጥነቱን ከመብራቱ ሳይሆን ከራሱ የኳርትዝ ክሪስታል የሚወስድ ከሆነ ችግር የለም። «60 ኸርዝ» ብቻ ካለ ወይ ለ50 የሚሆነውን የቀበቶ መዘውር ከአምራቹ እዘዙ፣ ወይ እዚያው ሽጡት። አምፕሊፋየሩንም እንዲሁ። ባለ 120ውን ግድግዳ ላይ ቀጥታ የሰካ ሰው ጭሱን አይቶ ነው የሚነቅለው።

ሌላው አቧራ ነው። ከአያት አልፋችሁ ወደኛ ስትመጡ ያልተጀመረ ወይም ያላለቀ ግንባታ የሌለበት ሰፈር የለም። አንድ አይሱዙ አሸዋ ጭኖ ካለፈ በኋላ ሸክላ አትክፈቱ። በበጋ መስኮት ዝጉ። ሸክላ ስታጥቡ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ኖራው ቦዩ ውስጥ ይደርቃል። የመኪና መለዋወጫ መደብሮች ለባትሪ የሚሸጡት የተጣራ ውሃ አለ፤ እሱ ይሆናል። አደራ፣ ጎኑ ያለው አሲድ ነው። ጠርሙሱን አንብቡ።

በኮንቴይነር አትላኩ። እኔ ልኬ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሐምሌ ፀሐይ ቆይተው፣ ወደ ስልሳ የሚሆኑት እንደ አክንባሎ ጎብጠው ደረሱኝ። ያጓጓዘልኝ ድርጅት «ፕላስቲክ እኮ ነው» አለኝ። ልክ ነው፣ ፕላስቲክ ነው። በእጃችሁ ያዙ፣ አቁማችሁ አሽጉ፣ የምትወዱትን ብቻ ምረጡ። 23 ኪሎ ሻንጣ ቶሎ ነው የሚሞላው።

የእኛ የራሳችን ሸክላ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ለፈረንጆቹ አልበም ዋናው ቴፕ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ለእኛ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ ቴፑ የለም። ዳግም እትሙ የተወሰደው ከአሮጌ ሸክላ ወይም ከካሴት ሊሆን ይችላል። የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ የ1985ቱ ሥራ በ2013 ዳግም የታተመው አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን ገዝቶ ስላገኘው ነው። እዚያ ላይ «ድምፁ ትንሽ ፈዘዘ» ብላችሁ ነጥብ አትቀንሱ። መርካቶ የምታገኙትን የሸክላ አሳታሚውን የአምሃ እሸቴን ዘመን ኦሪጂናል ግን ሳትሰሙ አትግዙ፤ ስንት ምሽት ስንት ቡና ቤት እንደዋለ አይታወቅም።

ወዳጄ ሲመለስ ሦስቱን እትሞች ይዞ ሄደ። የ2016ቱን ለእኔ ተወልኝ። እማማ አንዳንድ እሁድ ይመጡና «ያቺን ሞቶባት የምታለቅሰውን ክፈትልኝ» ይሉኛል። እከፍታለሁ። ሰሞኑን ግን መጨረሻው ላይ መሻከር ጀምራለች። ሸክላው አይደለም፤ መርፌዬ አርጅታለች። ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው ዕድሜዋ፣ እኔ ከዚያ አልፌያለሁ። እዚህ ደግሞ ፈልጌ አጣሁ። ከእናንተ መሃል ለፋሲካ የሚመጣ ካለ፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት።