«74 ኳስ ምን ያስደንቃል?» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ለቤቱ። «ሥራ ቦታ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ በአሜሪካ ፉትቦል ከዛሬዎቹ ሪሲቨሮች (ኳስ ተቀባዮች) ሁሉ የድሮው ዶን ሃትሰን ይበልጣል እያሉ ያደርቁኛል። ገብቼ አየሁት፤ በምርጥ ዓመቱ የያዘው 74 ኳስ ነው። የዛሬ ልጆች ከመቶ በላይ ይይዛሉ። ታዲያ 74 ምን ያስደንቃል?» ብለሃል። መልሴ ረዘም ይላል፤ ቻለኝ።

ሽማግሌው አልተሳሳቱም። እኔም ያንተን ንግግር ተናግሬ አፍሬ አውቃለሁ።

ሜሪላንድ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ በማታ ፈረቃ። እሑድ እሑድ አብረውኝ የሚገቡት አንድ በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊ ነበሩ፤ ትንሽ ሬዲዮ ይዘው ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ያኔ ፉትቦል ሲባል የማውቀው በእግር የሚመታውን ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ግፊያ መጀመሪያ የገባኝ ቅለባው ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ ኳሱን በእጁ ይወረውራል፣ ሪሲቨሩ እየሮጠ ይቀልባል። ይህማ ልጅ ሆነን ሰፈር ውስጥ የምንሠራው ነው! ከዚያ ወዲህ እኔ ሪሲቨር አልልም፣ ቀላቢ ነው የምለው። እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ሰውየው አንድ ጠባይ ነበራቸው። አንድ ቁጥር ስጠራላቸው ሳይገረሙ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁኛል። «በስንት ጨዋታ?» እና «ሁለተኛው ሰው ስንት ያዘ?» በቃ። እኔ አፌን ዘግቼ ሄጄ እፈልጋለሁ።

እስቲ ያንተን 74 በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። 1942 ነው፤ ሃትሰን ለግሪን ቤይ ፓከርስ ይጫወታል። 74 ኳስ፣ 1,211 ያርድ፣ 17 ታችዳውን። (ያርድ የርቀት መለኪያ ነው፣ ከሜትር ትንሽ ያንሳል፤ ታችዳውን ኳሱን ሜዳው ጫፍ ማድረስ ነው፣ ስድስት ነጥብ ያስገኛል።) በስንት ጨዋታ? በ11። ዛሬ ዓመቱ 17 ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ሰውስ? በቅለባ ብዛት ከሊጉ ሁለተኛ የወጣው ፖፕ አይቪ የያዘው 27 ነው። ሃያ ሰባት! ዛሬ አንደኛው 120 ቢይዝ ሁለተኛው 115 ይይዛል፤ ያኔ ግን አንደኛውና ሁለተኛው አንድ ጨዋታ የሚጫወቱ አይመስሉም ነበር። በአንድ ዓመት ከ1,000 ያርድ በላይ በመቅለብም የመጀመሪያው ሰው ሃትሰን ነው።

«ጦርነት ነበር፣ ጎበዞቹ ዘምተዋል» የሚልህ ይኖራል። እውነት አለው፤ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ተጫዋች ወታደር ሆኗል። ግን አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው የ1941 ውድድር ሊያልቅ ሲል፣ ዲሴምበር ላይ ነው። በዚያም ዓመት ሃትሰን 58 ቀልቦ አንደኛ ነበር። በጠቅላላው ስምንት ዓመት በቅለባ ሊጉን መርቷል። 99 ታችዳውን ይዞ በ1945 ጫማውን ሰቀለ፤ ያንን ቁጥር ስቲቭ ላርጀንት እስኪያልፈው 1989 ደረሰ። አርባ አራት ዓመት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይህን ሳነብ ብቻዬን ስቄአለሁ። በ1945 ኦክቶበር ከዲትሮይት ላይንስ ጋር ሲጫወቱ ሃትሰን በሁለተኛው ሩብ ብቻ 29 ነጥብ አስቆጠረ። አራት ታችዳውን ቀለበ። ይህ 24 ነው። የቀረውን አምስት ነጥብ ደግሞ ራሱ በእግሩ መታው። ያኔ ተጫዋች ሁሉን ነበር የሚሠራው፤ ሃትሰንም ቡድኑ ሲከላከል ወደ ኋላ ተመልሶ የሌላውን ኳስ ይቀማ ነበር።

አሁን ወደ እኔ ውርደት። በ2012 የዲትሮይቱ ካልቪን ጆንሰን 1,964 ያርድ ቀለበ። እስከዚያ ያልታየ ቁጥር ነው። እኔ በደስታ ዘልዬ ሰውየውን ምሳ አስያዝኳቸው፤ «ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሲካፈልም ከዚህ የሚበልጥ የለም» ብዬ። «በስንት ጨዋታ?» አሉኝ። በ16። ሲካፈል 123 ገደማ ይመጣል። ሳቅ አሉና «1982ን እይ» አሉኝ።

በ1982 ተጫዋቾቹ የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር፤ ዓመቱ ወደ ዘጠኝ ጨዋታ ተቆረጠ። የሳን ዲዬጎው ዌስ ቻንድለር በስምንት ጨዋታ 1,032 ያርድ ቀለበ። በጨዋታ 129! አድማ ባይኖር የት ይደርስ እንደነበር አንተው አስላ። ምናልባትም ይወርድ ነበር፤ ስምንት ጨዋታ አጭር ነው። ግን መዝገቡ ላይ ያለው ይኸው ነው።

የባሰው ደግሞ ቻንድለር ብቻ አለመሆኑ ነው። በ1951 የሎስ አንጀለስ ራምሱ ኤልሮይ ኸርሽ በ12 ጨዋታ 1,495 ያርድ አለው። አሯሯጡ ግራ ስለሚያጋባ «ያበዱ እግሮች» ይሉት ነበር። በ1961 ደግሞ የሂዩስተን ኦይለርሱ ቻርሊ ሄኒጋን በ14 ጨዋታ 1,746። ሁለቱንም ብታካፍላቸው ከካልቪን በትንሹ ይበልጣሉ። ሦስት ሰው በአንድ ምሳ አሸነፈኝ። ምሳው ክትፎ ነበር፤ ሰውየው ሁለት ሰሃን በሉ።

ለካልቪን ግን አንጀቴን የሚበላው ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ያርድ የያዘው ታችዳውን አምስት ብቻ ነው። ሜዳውን ሁሉ ቆርጦ ይመጣና በሩ አፍ ላይ ይጥሉታል። ቡድኑም ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው አራት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ትንሽ ቁጥር ትልቅ የሆነበት ዓመት አለ። 1977። በዚያ ዓመት በያርድ ሊጉን የመራው የዳላሱ ድሩ ፒርሰን ነው፤ በስንት መሰለህ? በ870። ዛሬ 870 ያርድ ያለው ሰው ቡድኑ ውስጥም አንደኛ ላይሆን ይችላል። በቅለባ ብዛት አንደኛ የወጣው ጭራሽ ቀላቢ አይደለም፤ ኳስ ይዞ የሚሮጠው የባልቲሞሩ ላይደል ሚቼል ነው፣ በ71። ሰዎቹ ሰንፈው አይደለም። በዚያን ጊዜ ተከላካዩ ኳሱ ከመወርወሩ በፊት ቀላቢውን ሜዳው ላይ ርቆ ከሄደ በኋላም መግፋት ይችል ነበር። በ1978 ሕጉ ተቀየረ፤ ከአምስት ያርድ በኋላ መንካት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁጥር ከበፊቱ ጋር ዝም ብለህ ማወዳደር የድሮ ብርን ከዛሬ ብር ጋር እንደማወዳደር ነው። በድሮ አሥር ብር በግ ይገዛ እንደነበር አባትህን ጠይቅ።

የአንድ ቀን ሪከርድም የራሱ ታሪክ አለው። በ1945 የታንክስጊቪንግ ዕለት የክሊቭላንድ ራምሱ ጂም ቤንተን ዲትሮይት ላይ 303 ያርድ ቀለበ። ይህን የሚያልፍ ለአርባ ዓመት ጠፋ። በ1985 የካንሳስ ሲቲው ስቴፎን ፔጅ 309 ሲያደርስ የቀለበው ኳስ ስምንት ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ፍሊፐር አንደርሰን 336 አደረሰው፤ እስከ ዛሬ የቆመው ይኸው ነው። ግን ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ገብቶ ነበር። በመደበኛው ሰዓት ብቻ ከሆነ በ2013 የተመዘገበው 329 ነው ትልቁ፤ የማን ነው ብትል የዚያው የካልቪን ጆንሰን። በዚህኛው እንኳ ቀና ብያለሁ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ቦብ ሄይስን ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 (በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1957) ቶኪዮ። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2:12:11 ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ቀን ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ስታዲየም ቦብ ሄይስ በ4 በ100 ዱላ ቅብብል የመጨረሻውን ዱላ ከኋላ ተቀብሎ ሁሉንም አልፎ ገባ። 100 ሜትሩን አስቀድሞ አሸንፎ ነበር። በዓመቱ ዳላስ ካውቦይስ ገባና በመጀመሪያ ዓመቱ 46 ኳስ ብቻ ቀልቦ 1,003 ያርድና 12 ታችዳውን አመጣ። አንዱ ኳስ ወደ 22 ያርድ ማለት ነው። አንድ ተከላካይ ሊከተለው ስላልቻለ ቡድኖች ሰው በሰው መያዝን ትተው ሜዳውን ተከፋፍለው ወደ መጠበቅ አዘነበሉ። ይህን ለሰውየው ስነግራቸው እሳቸው አበበን አወቁት፤ «በባዶ እግሩ የሮጠው?» አሉኝ። «ያ ሮም ነው፣ ቶኪዮ ጫማ ነበረው» አልኳቸው። እኔ ያረምኳቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለማሳረጊያ የሚያስቁትን ጣል ላድርግልህ። ኳርተርባኩ ብሬት ፋቭር ለግሪን ቤይ የወረወረው የመጀመሪያው የተሳካ ኳስ የተያዘው በራሱ በፋቭር ነው። ተከላካይ ነክቶት ተመለሰበትና ቀለበው፤ ሰባት ያርድ ወደ ኋላ። በ1997 ደግሞ የሚኒሶታው ብራድ ጆንሰን እንዲሁ ተመልሶበት ቀለበና ሮጦ ታችዳውን አደረገው። ወርዋሪም ቀላቢም እሱ።

እና አንድ ጥያቄ። ተከላካይ ሆኖ ሳለ በመደበኛ ውድድር አሥር ኳስ ቀልቦ አሥሩም ታችዳውን የሆኑለት ማን ነው? ሱፐር ቦውል (የዋንጫው ጨዋታ) ላይ የያዛቸው ሁለቱም ታችዳውን ናቸው። መልሱ ማይክ ቭራቤል ነው፤ በሩ አፍ ሲደርሱ ብቻ ነበር የሚያስገቡት። ነገ ሥራ ስትገባ ሽማግሌውን ጠይቃቸው። ካወቁት ግን ምሳው በአንተ ነው፤ ክትፎ እንዳታስይዛቸው።