ተወካያችን ረቂቅ አዋጅ ላይ መናገራቸው ምን ይለውጣል ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። "የመረጥናቸው ሰውዬ ፓርላማ ላይ ተነስተው ረቂቁን ተቃወሙ፣ በመጨረሻ ግን በአብላጫ ድምፅ አለፈ፣ ታዲያ መናገራቸው ምን ዋጋ አለው፣ ጥሩ ተወካይ መሆናቸውንስ በምን ልወቅ" ነው ያልከው። ኮመንት የሰጡት አብዛኞቹ "ሁሉም እጅ አውጪ ነው" ብለው አልፈውታል። እኔ ረጅም ጊዜ ለጋዜጣ ፓርላማ እየገባሁ ስዘግብ ነበር፣ ከዛ በኋላም ከሙያ ማህበራችን ጋር የቋሚ ኮሚቴ መድረኮች ላይ ተሳትፌያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ፣ ቲቪ ላይ የምታየው የስራውን ጫፍ ብቻ ነው። ረቂቁ በአብዛኛው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፣ በመጀመሪያ ንባብ ማብራሪያ ይቀርብና አባላት ጥያቄና አስተያየት ያነሳሉ፣ ከዛ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ ረቂቁን ካዘጋጀው መስሪያ ቤት አስረጂ ይጠራል፣ የህዝብ መድረክ ያዘጋጃል፣ ጨርሶ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ነው ሁለተኛው ንባብ ተደርጎ እጅ የሚወጣው። ሕጉ ከተነካ የሚነካው ታዲያ መሃሉ ላይ ነው፣ እዛ ደግሞ ካሜራ ብዙም የለም።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ስለ ፈቃድ አሰጣጥ የሚያወራ ረቂቅ ነበር፣ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ቅሬታውን ለዛው ለከለከለው መስሪያ ቤት ያቀርባል ይላል፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ግን ምንም የለበትም። አንዲት የኮሚቴ አባል፣ ስብሰባ ላይ ብዙም የማይናገሩ ሴትዮ፣ ረቂቃቸው ጠርዙ ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፣ "መስሪያ ቤቱ ዝም ቢልስ ሰውየው የት ይሂድ?" ብለው ጠየቁ። አስረጂው "እሱ በመመሪያ ይታያል" አለ። እሳቸውም "መመሪያውን የምታወጡት እናንተው፣ ቅሬታ የሚቀርብባችሁም እናንተው፣ ስለዚህ አዋጁ ላይ ይግባ" አሉና ከማስታወሻቸው ላይ የጻፉትን ምትክ አንቀጽ አነበቡ። ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ጉርምርምታ ነበር፣ ሰብሳቢው ይያዝልን አሉና አለፈ። ረቂቁ ተመልሶ ሲመጣ ቀነ ገደብም ገብቷል፣ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት እንደሚቻልም ተጽፏል። በዛው ቀን ዜናው "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብቻ ነበር፣ የሴትዮዋን ስም ማንም አላነሳውም። ዛሬ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ያንን አንቀጽ ይዞ ፍርድ ቤት ሲቆም ከየት እንደመጣ አያውቅም!

ስለዚህ ተወካይህን ስትመዝን አንደበታቸው ሳይሆን ንግግራቸው የት ላይ እንዳረፈ እይ። "ረቂቁ ወቅታዊ ነው፣ እደግፈዋለሁ" የሚል አስተያየት፣ "ይሄ ሕግ ሀገር ያፈርሳል" የሚልም፣ ኮሚቴው ሊሰራበት የሚችል ነገር አይሰጠውም። አንቀጹን ጠቅሶ፣ ማንን እንደሚጎዳ አሳይቶ፣ በምትኩ እንዲህ ይባል ያለ አባል ግን ቢያንስ መልስ ያስፈልገዋል፣ አስረጂውም ሰብሳቢውም መልስ መስጠት አለባቸው፣ መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል።

በድምፅ ተሸንፎ የሚቀረውንም ተቃውሞ ቢሆን ከንቱ አትበለው። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ (621/2001) ሲጸድቅ 79 አባላት ተቃውመዋል፣ በዛው ዓመት የፀረ ሽብር አዋጁ (652/2001) ሲጸድቅ ደግሞ 91። ያኔ ትልቁ ክርክር የመጀመሪያው ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሰራ ማድረጉ፣ የሁለተኛው ደግሞ የሽብር ትርጉሙ መስፋቱ ነበር። ሁለቱም አለፉ፣ ብዙ ሰውም ዋጋ ከፈለባቸው። ግን ከአስር ዓመት ግድም በኋላ ሁለቱም ተሽረው በአዋጅ 1113/2011 እና በአዋጅ 1176/2012 ተተኩ፣ የ10 በመቶው ገደብ ቀረ፣ አዲሱ የሽብር አዋጅም የስራ ማቆም አድማና ሰላማዊ ሰልፍን የመሰለ መብት ሲጠቀሙ የሚፈጠር የአገልግሎት መስተጓጎል ሽብር እንደማይባል በግልጽ አስቀመጠ። እነዛ ንግግሮች ብቻቸውን ሻሩት አልልህም፣ ፖለቲካው ተለውጦ ነው። ግን ለመሻር ሲታሰብ ችግሩ የት አንቀጽ ላይ እንዳለ የሚነገረው ድሮ የተነገረው ነበር።

አቶ ግርማ ሰይፉን ደግሞ አስብ። ከ2002ቱ ምርጫ በኋላ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባ እሳቸው ብቻ ነበሩ፣ መድረክ የሚባለውን የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት ወክለው ከአዲስ አበባ (አንድ የግል ተመራጭም ነበር)። አምስት ዓመት ሙሉ ውጤቱ አስቀድሞ እየታወቀ ተነስቶ መናገር ቀላል አይደለም፣ እኔ በበኩሌ ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ እሳቸው ባይኖሩ "በአንድ ተቃውሞ" የሚለው እንኳን ቃለ ጉባኤ ላይ አይኖርም ነበር።

ተቃውሞ ከተቃዋሚ ፓርቲ ብቻ ይመጣል ማለት ደግሞ አይደለም። በ2007 ምርጫ ሙሉ ወንበሩን ኢህአዴግና አጋሮቹ ይዘውት ነበር፣ ያው ምክር ቤት ታህሣሥ 2011 ላይ የአስተዳደር ወሰንና ማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን አዋጅን ሲያጸድቅ 33 ተቃውሞና 4 ድምፀ ተአቅቦ ተመዝግቧል፣ የተቃወሙት የትግራይ ተመራጮች ክርክራቸው ሥልጣኑ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሚል የሕገ መንግሥት ክርክር ነበር። የካቲት 2012 ላይም የጥላቻ ንግግር አዋጁ (1185/2012) 23 ተቃውሞ ገጥሞታል። ሐሳባቸውን ውደደውም ጥላውም፣ አባላቱ ከፓርቲ መስመር ወጥተው መከራከር እንደሚችሉ ግን አሳይቷል። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን አንቀጽ 54 ላይ ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል፣ ምክር ቤት ውስጥ በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰሱም ጽፏል፣ ስለዚህ "ፈርቼ ነው" የሚለውን ቶሎ አትቀበል።

አሁን አንተ ምን ታደርጋለህ መሰለህ፣ መጀመሪያ ረቂቁን ፈልገህ አንብብ፣ ሳታነብ ንግግሩን መመዘን አይቻልም። የምክር ቤቱ ፌስቡክ ገጽ ላይ የስብሰባና የመድረክ ዜና ይወጣል፣ ክፍት መድረክ ካለ በማህበርህም ሆነ በግልህ ሂድ፣ ካልተመቸህ ሐሳብህን ጽፈህ ለኮሚቴው አስገባ፣ አንቀጽ ጠቅሶ የተጻፈ አንድ ገጽ ከአስር ገጽ ስሞታ በተሻለ ይነበባል። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ እስከ መስከረም መጨረሻ እረፍት ነው፣ ተወካዮች ወደ መረጣቸው ሕዝብ የሚወርዱበት ጊዜ ነው፣ ያኔ ስለ መንገድና ውሃ ብቻ አትጠይቃቸው፣ የቱ ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ፣ የትኛውን አንቀጽ እንዲሻሻል እንዳቀረቡ፣ ኮሚቴው ምን እንደመለሰላቸው ጠይቅ። የሰራ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳሃል።

የተናገሩበትን ረቂቅ ስም እዚህ ከስር ጻፈው፣ ከመጀመሪያው ረቂቅና ከጸደቀው ጋር አብረን እናስተያየዋለን፣ ያነሱት ነገር ገብቶ እንደሆነ እዛው ይታያል።