«ድህነቴን ልጻፈው?» እና ሌሎች የማመልከቻ ድርሰት ጥያቄዎች

ጥቅምት 22 ሲቃረብ ደብዳቤ ይበዛብኛል። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 መሆኑ ነው፤ ቀደም ብሎ ለሚገባ ማመልከቻ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች በራቸውን የሚዘጉት ያን ቀን ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ አንዱን ደግሞ ትንሽ አለዝቤዋለሁ።

ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚላክበት ድረ ገጽ) ላይ ያለው ዋናው ድርሰት ስንት ገጽ ነው?

በገጽ አይለካም። ከ250 እስከ 650 ቃል ነው፤ ካለፈ ቅጹ ራሱ አልቀበልም ይላል።

የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የአባቴን ልጻፍ የአያቴን?

ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው። ትራንስክሪፕቱም የፈተና ውጤቱም እንደዚያው ይሁን።

ከደሴ የጻፈች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ እንጀራ ሸጠው ነው ያሳደጓት። ድርሰቱን የሚያግዛት ሰው «ድህነቱን አጉዪው፤ ፈረንጅ የሚወደው እሱን ነው» አላት። እንዳላት ጻፈችው፤ ስታነበው ግን አፈረች። «የእናቴን ገመና ለስኮላርሺፕ የሸጥኩ መሰለኝ» ትላለች።

ያፈርሽው በድህነቱ አይመስለኝም። የላክሽልኝን ድርሰት ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እናትሽ እዚያ ውስጥ የሉም። ያለችው ጭስ ዓይኗን ያጠፋው፣ እንባዋ የማይደርቅ አንዲት ስም የለሽ ሴት ናት። እሷን አንቺም አታውቂያትም።

እናትሽን ያገኘኋቸው ደብዳቤሽ ላይ ነው፤ ያውም ስለዘገየሽ ይቅርታ ስትጠይቂ። የዱቤ ደብተሩን ሒሳብ ቅዳሜ ማታ የምትዘጊው አንቺ ስለሆንሽ ነው የዘገየሽው። አንዷን ደንበኛ «ባለ አረንጓዴ በር» ብለሽ ነው የምትመዘግቢያት፤ እናትሽ «ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ ሴትየዋ ታፍራለች፣ ስሟን አትጻፊ» ስላሉሽ። ቀጥለሽ ደግሞ «እሷ ግን የሐምሌን እስካሁን አልከፈለችም» ብለሽ አኩርፈሻል።

እኔ የፈለግኩት ያቺን ኩርፊያ ነው። እናት የሰው ገመና ይሸፍናሉ፤ ልጅ ሒሳቡ አልዘጋ ብሏት ትናደዳለች። ድህነቱ እዚያው ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜም በስሙ አልተጠራም።

ትምህርት ቤት ድርሰት ስንማር መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ተባልን። መግቢያው ላይ ተረት፣ መደምደሚያው ላይ ምክር እንሰካለን። ከዚህ ሁሉ የሚከብደን ግን «እኔ» ማለት ነው። ያደግነው ስለ ራሱ የሚያወራ ልጅ «ምን ያንቀዠቅዠዋል» በሚባልበት ቤት ነው። ስለዚህ ጻፉ ሲሉን ወይ «እኛ ኢትዮጵያውያን» ብለን ሕዝብ ውስጥ እንደበቃለን፣ ወይ ለቅሶ እናስቀድማለን፤ እያለቀሰ ስለ ራሱ የሚያወራን ሰው ማን ይቆጣዋል? አጋዥሽ የነገረሽ ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን የፈረንጅ ጠባይ አድርጎ ነው የሸጠልሽ።

ገመናውን በተመለከተ፣ ቁጭ በይና ለእናትሽ በአማርኛ ንገሪያቸው። «ይሄን አውጪው» ካሉሽ አውጪው። የገቢያችሁ ነገር ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል የተለየ ቅጽ አለው፤ ብዙ የግል ኮሌጆች እርዳታ ለመስጠት እሱን ይጠይቃሉ፣ እዚያ በቁጥር ትሞዪዋለሽ። ድርሰቱ ከቀበሌ የሚጻፍ የድሃ ድሃ ማስረጃ አይደለም። ቅጹ ግራ ካጋባሽ አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለውን ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባለውን የተማሪዎች አማካሪ ቢሮ ጠይቂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የጻፉ አባት ናቸው። ልጃቸውን ስለ አድዋ ጻፍ ቢሉት ስለ ከተማ አውቶቡስ ጻፈ። ለመሆኑ ፍርድ ቤቱ ዘር መጥቀስን ከልክሎ የለም ወይ? ይላሉ።

አልከለከለም። ሰኔ 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያገደው ኮሌጆች ዘርን ራሱን መስፈርት አድርገው እንዳይመርጡ ነው። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ቢተርክ ግን እንደማይከለከል ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በውሳኔው ላይ አስፍረዋል።

አድዋ 1888 ነው፤ ልጅዎ አልዘመተም፣ እርስዎም አልዘመቱም። አውቶቡሱ ውስጥ ግን አያቱን ሐኪም ቤት አድርሶ፣ አስተርጉሞ ሲመልስ ነው ያለው፤ በምሬት የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። በድርሰቱ ሁሉ ውስጥ ያለችው አማርኛ «አይዞሽ» ብቻ ናት ብለውም ከሰውታል። ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ይጻፍልዎ? ይተዉት።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ቻትጂፒቲ አሳምሮልኛል። ማጭበርበር ነው?

ማሽን የጻፈውን የራስ አስመስሎ ማቅረብን ኮመን አፕ በማጭበርበር ይቆጥረዋል። ፊደል ማረም ሌላ ነገር ነው። «አሳምሮልኛል» ስትል ነው ልቤ የፈራው።

እኔ ራሴ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህንኑ በቀይ እስክሪብቶ ሠርቻለሁ። አንድ ልጅ «አንድ አልጋ ላይ አራት ሆነን እንተኛለን፤ ግድግዳው የኔ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። ሰርዤ «መኝታዬን ከወንድሞቼ ጋር እጋራ ነበር» አልኩለት። ሰዋስዉ ቀና፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያድረው ልጅ ግን ከወረቀቱ ጠፋ። እስካሁን ይቆጨኛል። ታሪኩን መጀመሪያ ለጓደኛህ በቴሌግራም በድምፅ ላክለት፣ በአማርኛ። ከዚያ የተናገርከውን እየሰማህ ራስህ ወደ እንግሊዝኛ አምጣው፤ ቢንገዳገድም ይንገዳገድ።

በጦርነቱ ወንድሙን ያጣ ወጣት ስለ እሱ 11 ጊዜ ጽፎ 11 ጊዜ ቀዷል። በጻፈ ቁጥር ለቀናት አይተኛም፣ አይበላም። የጠየቀኝ ግን «መጨረሻው ደካማ ነው?» ብሎ ነው።

ደካማ አይደለም። ድርሰቱን ግን ዝጋው። አለመተኛትና አለመብላት ሐኪም የሚያየው ነገር ነው። «ባለሙያ ያማክሩ» የምትባለውን ለወጉ ጣል እያደረግሁ አይደለም፦ አቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል በዚህ ሳምንት ሂድ፤ ለብቻህም አትሂድ፣ የምታምነውን ሰው ይዘህ ሂድ። ሄድኩ ብለህ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።

ኮመን አፕ ከሚሰጣቸው ሰባት ጥያቄዎች ሰባተኛው የፈለግከውን ጻፍ ይላል። ስለ ኳስም መጻፍ ትችላለህ። ወንድምህን ለማንም የማሳየት ዕዳ የለብህም። በሐዘኑ ምክንያት ውጤትህ ከወረደ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልህ መምህር በሁለት መስመር ያስረዳልሃል።

በተረትና ምሳሌ ልጀምር?

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ናት አይደል? አትጀምር።