እናቴ በ77ቱ ድርቅ ተኝታለች፣ እኔ ደሞዝ እየበላሁ እንቅልፍ ያጣሁት ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነዎት? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። እድሜዬ 36 ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ በሰው ሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ይሠራል። ሞልቶናል ባልልም እንጀራ አላጣንም። ችግሬ ምን መሰለዎት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብንን እላለሁ፣ ከዛ ስልኬን አንስቼ ቴሌግራም እከፍታለሁ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ብዬ አያለሁ፣ ዶላር ስንት ገባ ብዬ አያለሁ (ዶላር በእጄ ይዤ አላውቅም እኮ!)፣ መሀል ላይ ስለ ካንሰር ቪዲዮ ይመጣል እሱንም አያለሁ፣ በቃ ይነጋል። ሐኪም ምንም የለብሽም አለኝ፣ ጸበልም ተጠመቅኩ፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው አሠልጣኝ ደግሞ አስተሳሰብሽን ቀይሪ ይላል። የሚገርመኝ እናቴ ናት። መንዝ ነው ያደገችው፣ የ77ቱን ድርቅ አይታለች፣ ልጅ ቀብራለች፣ ግን ባናዋን ተከናንባ ጥልቅ ብላ ትተኛለች። ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ዘመኑ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሯን ልበልና ልለፍ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ምግብም ከዘጋሽ ወይ ደግሞ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ሐኪሙ ጋ ተመለሺና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ እንዲልክሽ ጠይቂው፣ ጸበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ይሄ አምድ ክሊኒክ አይደለም፣ ያቺን "እኔ ወይስ ዘመኑ" ያልሻትን ግን ልለቃት አልፈልግም።

አሠልጣኙ አናደደኝ። ሲ. ራይት ሚልስ የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት (የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር) በ1959 እ.ኤ.አ. ያነሳው ምሳሌ አለ፣ 100,000 ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውየውን ጸባይና ችሎታ እንይለት፣ 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን ነገሩ የሰው ጸባይ አይደለም፣ የአገር ጉዳይ ነው ይላል። እነዛን 15 ሚሊዮን በየተራ እየጠሩ አስተሳሰብህን ቀይር ማለት ምን ይባላል? እስቲ ጎረቤቶችሽን ጠይቂ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንት ቤት ውስጥ ስልክ እንደሚበራ። ዶላሩም ቢሆን እብደት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዛው ቀን 74 አለፈ፣ ወራት ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። የባልሽ ሚኒባስ ጎማ፣ ዘይቱ፣ ፍሬን ሸራው በምን ገንዘብ ነው የሚመጣው? ዶላር አይተሽ አታውቂም፣ እሱ ግን እናንተ ቤት በየቀኑ ይገባል።

ስለዚህ ነገር በደንብ ያሰበ ኡልሪሽ ቤክ የሚባል ጀርመናዊ አለ። ስለ ስጋት ማኅበረሰብ የጻፈው መጽሐፍ በ1986 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ በዛው ዓመት ደግሞ (በእኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1978) የቼርኖቤል ኒውክሌር ማመንጫ ፈነዳ። ጨረሩ በደመና ተጭኖ ጀርመን ድረስ መጣ። እና አስቢው፣ አንዲት የጀርመን ባላገር ጓሮዋ የበቀለውን ሰላጣ ይዛ ቆማለች፣ ሽታው ያው ነው፣ መልኩም ያው፣ ልጄ ይብላው አይብላው የሚለውን ግን ዓይኗም አፍንጫዋም አይነግራትም፣ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው የሚነግራት፣ መሣሪያ የያዙትም እርስ በርስ አልተስማሙ። የቤክ ነገር እዚህ ላይ ነው። የድሮው አደጋ በገላ ይታወቃል፣ አዲሱ ግን በሌላ ሰው አፍ ካልሆነ አይታወቅም።

አሁን እናትሽን አምጫት። ጥቅምት ኅዳር ላይ ማታ ወጥታ ሰማዩን ታያለች፣ ደመና ከሌለ፣ ነፋሱ ቀጥ ካለ፣ ጉንጯን ቆንጠጥ ካደረጋት "ዛሬ ውርጭ ነው፣ ባቄላው አለቀለት" ብላ ትገባለች። ከዛ ምን ታድርግ? ምንም። ስለዚህ ትተኛለች። አንቺም እኮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንኑ ነው የምታደርጊው፣ ወጥተሽ ሰማይ ታያለሽ፣ ያንቺ ሰማይ ቴሌግራም ሆነና ባየሽው ቁጥር ሌላ እየጨመረ፣ አንዱ ቻናል መንገዱ ሰላም ነው ሲል ሌላው ተዘግቷል እያለ፣ ዛሬ ውርጭ ነው ብሎ የሚያስገባሽ ነገር ጠፋ እንጂ።

ቤክን ግን ሙሉ በሙሉ አልገዛውም። ድህነት ደረጃ አለው፣ ጭስ ግን ዲሞክራሲያዊ ነው የምትል ታዋቂ አባባል አለችው። ኧረ ወዲያ! የመኪናውን መስታወት ዘግቶ የሚያልፈውና ተራ አስከባሪው እኩል ነው የሚተነፍሱት? ደግሞ እነሱ ጋ ረሃቡ ሄዶ ነው ጨረሩ የመጣው፣ እኛ ጋ አዲሱ መጣ እንጂ አሮጌው አልሄደም። ውርጩም አለ፣ ዶላሩም አለ፣ መንገዱም አለ። የመንዝ ገበሬ ዛሬ ደመናም ያያል፣ የማዳበሪያ ዋጋም ያያል። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር ራስሽን ስታነጻጽሪ ሂሳቡ ልክ አይመጣም።

እናትሽ ተኝታለች የሚለውንም ትንሽ ልጠራጠር፣ ይቅርታ። የኔም አያት (በአንኮበር በኩል ናት) "እኛ እኮ በ77 ያገኘነውን ቀምሰን እንተኛ ነበር" ትል ነበር። በኋላ አክስቴን ስጠይቃት "ውሸቷን ነው፣ ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ስትንቆራጠጥ ነው የምታድረው" አለችኝ። ያለፈ መከራ ሲወራ እንቅልፍ ያለው ይመስላል።

ግን አንድ እናትሽ የነበራት ነገር አለ፣ አብሮ መጨነቅ። ውርጭ ሲመታ የሁሉም ባቄላ ነው የሚመታው፣ ማንም አስተሳሰብሽን ቀይሪ አይላትም፣ ምሕላው የጋራ ነው። ማክስ ቬበር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ሶሲዮሎጂስት ሰው መከራው እንዲቀርለት ብቻ ሳይሆን ለምን በኔ ላይ የሚለው እንዲፈታለትም ይፈልጋል ያለው ይሄን ነው፣ ለእናትሽ ደብሩ ይፈታላታል፣ አንቺን ግን ዩቲዩቡ "ጥፋቱ ያንቺ ነው" ብሎ ይፈታልሻል፣ በነጻ! እድራችሁን እይው፣ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ንፍሮውን ማን እንደሚቀቅል ይታወቃል። ባልሽ ከደብረ ሲና ሳይመለስ ሲመሽ ግን ጥሩምባ የለም፣ ብቻሽን ነሽ ስልክሽን ይዘሽ። የሌሎቹ ሹፌሮች ሚስቶች እነማን ናቸው? ቡና ጥሪያቸው። ማታ ማን ደወለ፣ ማን ገባ የሚለውን ከቴሌግራም ይልቅ እናንተው ለእናንተው ተነጋገሩ። እናትሽንም በ77 ሌሊት ሌሊት ምን ታስቢ ነበር ብለሽ ጠይቂያትና ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ፣ ሽንኩርት እናመርታለን። ማኅበራችን ውስጥ አንድ ልጅ ሁሌ "ሪስክ አለው" ይላል፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ "አደጋ አለው በል እንጂ" ይሉታል። ማነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ስተዋል። አደጋ ደርሶ የሚታይ ነው፣ መኪናው ተገልብጧል። ስጋት ገና ያልደረሰው ነው፣ ቤክም ሪስክ ማለት የሚጠበቅ አደጋ እንጂ የደረሰ አይደለም ይላል። የልጁ ሪስክ ደግሞ ደብተር ላይ የሚጻፍ ነው፣ ዋጋው ቢወድቅ ይሄን ያህል እከስራለሁ እያለ። ሽማግሌዎቹም ቃሉን አልወደዱትም እንጂ ነገሩን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፣ መሬቱን በሙሉ ሽንኩርት ሳያደርጉ ጥግ ጥግ ላይ ማሾና ማሽላ የሚዘሩት ለምን ይመስልሃል?