ጋሼ፣ ኤዲን በምን ልርታው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአጎታችንን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ዋን አግኝተን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ማታ ማታ ቴከን 3 የሚባለውን የድብድብ ጌም እንጫወታለን። እኔ የምይዘው ሎው የሚባለውን ተጫዋች ነው። ምቶቹን አንድ በአንድ አጥንቻለሁ። እሱ ግን ኤዲን ይይዝና ዝም ብሎ ቁልፉን ይቀጠቅጣል። ምን እንደሚጫን ራሱም አያውቅም። ግን ያሸንፈኛል! በዚያ ላይ ጠዋት ለሰፈሩ ልጆች እያወራ ሙድ ይይዝብኛል። መፍትሔው ምንድን ነው?
*ኤዲ ያስመረረው፣ ከቱሉ ዲምቱ*

መልስ፦ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። ጨዋታው ለፕሌይስቴሽን ከወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ስንቱ ታላቅ ወንድም በኤዲ ተቃጥሏል። እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት አለኝ። ልጆቹ ሁሉ ፊፋ ላይ ናቸው። ጥግ ላይ ግን አንድ አሮጌ ዋን ከነወፍራም ቴሌቪዥኑ አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ጋ ወረፋ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል። ኤዲን የሚይዝ ቀጥቃጭ ሲመጣ ታዲያ ቤቱ ያጉረመርማል።

ምቶቹን አጥንቻለሁ ብለሃል። ስለ መከላከል ግን አንድም ቃል አልጻፍክም። እዚያ ነው የምትበላው።

ቴከን ላይ አራቱ ቁልፎች አራት እጅና እግር ናቸው። ካሬው ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኑ ቀኝ እጅ፣ ኤክሱ ግራ እግር፣ ክቡ ቀኝ እግር። ይህን ታውቃለህ። ምቶቹ ግን በከፍታም ይለያያሉ። ወደ ኋላ ይዘህ ከቆምክ ራስህ ላይና ወገብህ ላይ የሚመጣውን ትከላከላለህ፤ እግርህን የሚጠርገው ግን ያገኝሃል። ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዘህ ከተቀመጥክ ደግሞ የእግሩን ትከላከላለህ፣ ራስ ላይ የሚመጣውም ከላይህ ያልፋል፤ የወገቡ ግን እዚያው ያደቅሃል። ስለዚህ ሁሌ ቆሞ መከላከልም ሁሌ ተቀምጦ መከላከልም አያዋጣም። ማየት አለብህ።

አሁን ወንድምህን አስበው። ኤዲ ብራዚላዊ ነው፤ የሚጫወተው ካፖይራ የሚባለውን ዳንስ መሰል ትግል ነው። በእጁ ይቆማል፣ ይሽከረከራል፣ ይተኛል፣ ከተኛበት ይረግጣል። ቁልፉን እንዲሁ ስትቀጠቅጠው እንኳ ምቶቹ እየተያያዙ ይወጣሉ። ለዚያ ነው ጀማሪ የሚወደው። ግን ልብ ብለህ እየው፤ ብዙዎቹ ዙሮቹ ሰፊና ቀርፋፋ ናቸው። እግሩ መሬት ሊጠርግ ሲል ከሩቅ ይታያል።

እኔ ቤት የምትመጣ አንዲት ተማሪ አለች፤ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ነው የምትቀመጠው። ኤዲን የያዘ ጎረምሳ ሲገጥማት ቀኝ እጇን ከቁልፎቹ ላይ ታነሳለች። በእውነት፣ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። የግራ አውራ ጣቷ ብቻ ኋላ፣ ታችና ኋላ፣ ኋላ ይላል። ልጁ ይቀጠቅጣል፤ ጆይስቲኩ እንደ በቆሎ ቆሎ ይንጣጣል። ኤዲ ዙሩን ጨርሶ ሊቆም ሲል የቀኝ እጇ ይመለሳል፣ ክቡን አንዴ ትጫናለች። ከዚያ እንደገና ኋላ።

የምትጫነው ምት ሚስጥር አይደለም። ተቀምጠህ የእግሩን ምት ከተከላከልክ በኋላ አቅጣጫውን ልቀቅና እየተነሳህ ክቡን ተጫን። ሁሉም ተጫዋች ማለት ይቻላል በዚህ ፈጣን ርግጫ አለው፤ ሎውም አለው። እሱን ብቻ እየደጋገምክ አንድ ጨዋታ ሙሉ ሞክረው። የምታምርባቸውን ምቶች ለጊዜው ተዋቸው። በተለይ ሎው ወደ ኋላ እየተገለበጠ የሚረግጣትን እርግጫ። እሷ ከተያዘችብህ ስትወርድ ባዶ ነህ።

ሁለተኛው መላ መራቅ ነው። ኋላን ሁለቴ ቶሎ ነካ ነካ ካደረግክ ሎው ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ወንድምህ አየሩን ይምታ። ሲጨርስ ፊትን ሁለቴ ነክተህ ግባ። ላይን ወይም ታችን አንዴ ነካ ብታደርግ ደግሞ ወደ ጎን ትወጣለህ። ነካ አልኩህ እንጂ ያዝ አላልኩም፤ ከያዝከው ይዘላል ወይም ይቀመጣል። ኤዲ በሰፊው ሲሽከረከር ግን በጎን መውጣት ብዙም አያድንህም፤ ርቀቱ ይሻልሃል።

ወንድምህ ጅል አይደለም፤ ከጥቂት ሽንፈት በኋላ እሱም ቆሞ መከላከል ይጀምራል። ያኔ ተጠጋና ካሬውንና ኤክሱን አብረህ ተጫን። ይዘህ ትጥለዋለህ፤ ቆሞ መከላከል ከዚህ አያድንም። ፊቱን አይተህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ11 ዓመት ልጄ ቴከን 3 ላይ ኤዲን አይቶ ሳሎን ውስጥ በእጁ እየቆመ ሲሽከረከር የቡፌውን መስታወት ሊያወርደው ነው። ጨዋታው ለልጅ ይሆናል? ያየው ዳንስ ነው ወይስ ድብድብ?
*የተቸገረች እናት፣ ከጀሞ*

መልስ፦ እርስዎ፣ ሁለቱም ነው። ካፖይራ ባሪያ ተደርገው ወደ ብራዚል የተወሰዱ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው የፈጠሩት ነው፤ ትግሉ ከሙዚቃና ከዳንስ ጋር ተዋህዷል። ዩኔስኮም በ2014 እ.ኤ.አ. የካፖይራን ክብ፣ ማለትም ሰዎች ከበው የሚጫወቱበትን፣ በማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ መዝግቦታል። ጨዋታው ግን አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው ደረጃ ከ13 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። ደም የሚፈስበት አይደለም፤ ድብድብ መሆኑ ግን አይካድም። እኔ ብሆን ለ11 ዓመት ልጅ ብቻውን አልተወውም፤ ታላቁ ወይም እርስዎ አጠገቡ ሆናችሁ ይጫወት። እግሩ ካላረፈ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ቴኳንዶ የሚያስተምሩ አይጠፉም፤ ጨዋታው ውስጥ ያለው ህዋራንግም የቴኳንዶ ሰው ነው፣ ልጅዎ ይወደዋል። ለጊዜው ቡፌውን ወደ ግድግዳው ጥግ ይግፉት።

ጥያቄ፦ ቴከን 3 ላይ የምናየው 10 ተጫዋች ብቻ ነው። ጓደኛዬ ቤት ግን ድብ አለ፣ የእንጨት ሰውዬ አለ። የእኛ ሲዲ ፎርጅድ ነው?
*ከሰሚት*

መልስ፦ ሲዲህ ደህና ነው። የቀሩት ተደብቀው ነው። አርኬድ የሚለውን መርጠህ በአንዱ ተጫዋች እስከ መጨረሻው ጨርስ፤ ከዚያ በሌላ፣ ከዚያ በሌላ። እየጨረስክ ስትሄድ ድቡ ኩማም፣ እንጨቱ ሞኩጂንም ይከፈታሉ። ሞኩጂን የራሱ ስልት የለውም፤ በየዙሩ የሌላ ሰው ስልት ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ግራ ቢያጋባህ አትገረም። የከፈትከውን የሚያስቀምጥልህ ሜሞሪ ካርድ ከሌለህ ግን አትድከም። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሁሉም ወደ 10 ይመለሳል፤ መብራታችንን ታውቀዋለህ። አሮጌ ካርድ ካገኘህ ሳትከፍል በፊት እዚያው ሰክተህ አንድ ነገር ሴቭ አድርግ፣ ማሽኑን አጥፍተህ አብራና መኖሩን እይ።